«ኦቨርዌልም» የተባለው የእንግሊዝኛ ግሥና የአማርኛ አቻዎቹ

«ኦቨርዌልም» ጥንተ ትርጉሙ መገልበጥ፣ ገልብጦም መክደን ነበር፤ ማዕበል መርከብን እንደሚያደርገው ማለት ነው። ዛሬ ለጎርፍም፣ ለጦርም፣ ለሐዘንም፣ ለሥራ ብዛትም ያገለግላል። አማርኛ ግን ለየባለቤቱ ልዩ ግሥ አለው፤ ጎርፍ ማሳን ያጥለቀልቃል፤ ጦር ጠላቱን ድል ይነሣል፤ ሰው በሐዘን ይዋጣል።

አስቸጋሪው የሥራ ብዛት ነው። በአብደራፊ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ካላዛርንና የእባብ ንድፊያን ለዓመታት ሲያክም ቆይቷል፤ ከሕሙማኑም ብዙዎቹ ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ወደ ቆላው የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። በሥራው ወራት እንዲህ ያለ የሕክምና ጣቢያ በእንግሊዝኛ ዘገባ «ኦቨርዌልምድ» ቢባል፣ ተርጓሚው «ተጨናነቀ» ለማለት ይቸኩላል። ይህ አይበቃም። ገበያም ይጨናነቃል፤ ንግዱ ግን አይቋረጥም። «ከአቅሙ በላይ ሆነበት» ሲባል ሳይታከም የሚቀር ሕመምተኛ ሊኖር እንደሚችል አንባቢው ይረዳል፤ መድኃኒት የሚልከው ክፍልም እንዲሁ። «ሆነበት» በሚለው ውስጥ ያለችው «-በት» ችግሩ በማን ላይ እንደ ወደቀ ታመለክታለችና ባትጣል እንመርጣለን። እንግሊዝኛው ይህን በአንዲት ምዕላድ አይገልጽም።

ለደስታ ሲሆን «ከአቅም በላይ» ማለት ያስቃል፤ «ደስታው ልክ አጣ» ይሻላል። ቅጽሉ ለድምፅ ቆጠራ ሲገባ ደግሞ «በከፍተኛ ድምፅ ብልጫ» የሚለው የተለመደ ነውና ሌላ መፈለግ አያሻም።