በአውሮፕላን ውስጥ ሲጋራ ይጨስ የነበረበት ዘመን እንዴት አበቃ?

በመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ ሲጋራ ማጨስ ለአብዛኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመን የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የመስተንግዶው አካል ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። በየወንበሩ የክንድ ማሳረፊያ ላይ ክዳን ያላት ትንሽ የብረት መተርኮሻ ትገጠም ነበር። በርካታ አየር መንገዶች ከምግቡ ጋር ጥቂት ሲጋራዎች የያዘ ትንሽ ፓኮ ያድላሉ፤ አርማቸው የታተመበት ክብሪትም ይሰጣሉ። አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲያርፍ ማጨስ የሚከለክለው መብራት ይበራል። መብራቱ ሲጠፋ አጫሹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለኩሳል፤ ጭሱም እስከ መዳረሻው ድረስ ከካቢኑ አይጠፋም።

ለአጫሾች ፍላጎት ምን ያህል ቦታ ይሰጥ እንደነበር የጀርመኑ ግዙፍ የአየር መርከብ ሂንደንበርግ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1936 መብረር የጀመረው ይህ መርከብ አየር ላይ የሚንሳፈፈው 200,000 ሜትር ኩብ ገደማ በሆነ ሃይድሮጂን ሲሆን፣ ሃይድሮጂን ደግሞ በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝ ነው። እንዲያም ሆኖ መርከቡ የማጨሻ ክፍል ነበረው። ሃይድሮጂን ቢያፈተልክ ወደ ክፍሉ እንዳይገባ የውስጡ የአየር ግፊት ከውጭው ከፍ ተደርጓል። መግቢያው ድርብ በር ሲሆን የሚገባና የሚወጣውን አስተናጋጅ ይቆጣጠራል። መንገደኞች ክብሪትና ላይተራቸውን ከመሳፈራቸው በፊት ያስረክባሉ፤ በክፍሉ ውስጥ የነበረው አንድ የኤሌክትሪክ መለኮሻ ብቻ ነው። መርከቡ በግንቦት 1937 ኒው ጀርዚ ውስጥ ተቃጥሎ ሲወድም እሳቱ የታየው ከዚህ ክፍል ርቆ በጅራቱ በኩል ነበር።

የሕዝቡ አመለካከት መለወጥ የጀመረው በጥር 1964 የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣን ሲጋራ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ በይፋ ካስታወቀ በኋላ ነው። በ1969 የሸማቾች መብት ተሟጋቹ ራልፍ ኔደር በአውሮፕላን ውስጥ ማጨስ ጨርሶ እንዲከለከል ለአገሪቱ የአቪዬሽን አስተዳደር አቤቱታ አቀረበ። አቤቱታው ወዲያው ተቀባይነት ባያገኝም በ1971 ዩናይትድ አየር መንገድ ለማያጨሱ መንገደኞች የተለየ መደዳ አዘጋጀ። በ1973 ደግሞ የአሜሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ይህንኑ እንዲያደርጉ በመንግሥት ታዘዙ።

መደዳ መለየቱ ግን ችግሩን አልፈታውም። በአጫሾችና በማያጨሱት መካከል ግድግዳ የለም፤ ድንበሩ አንድ የወንበር ረድፍ ብቻ ነበር። የካቢኑ አየር ከላይ ገብቶ በወለሉ ግራና ቀኝ ይወጣል። በአዳዲሶቹ አውሮፕላኖች ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ከፊሉ አየር ተመልሶ እንዲዘዋወር ስለሚደረግ ጭሱም አብሮ ይዞራል። በ1989 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ ጥናት ይህን በሰው አካል ላይ ለክቶ አሳየ። አጥኚዎቹ 4 ሰዓት ያህል በሚፈጁ አራት በረራዎች ላይ 5 መንገደኞችንና 4 አስተናጋጆችን ተከታተሉ። ኒኮቲን በሰውነት ውስጥ ተለውጦ የሚገኘውን ኮቲኒን የተባለ ንጥረ ነገር በሽንታቸው ውስጥ ሲለኩ፣ ሲጋራ ያልነኩት ሰዎችም ኒኮቲን ወደ ሰውነታቸው ገብቶ ተገኘ። በድንበሩ አካባቢ የተቀመጡ የማያጨሱ መንገደኞች የሚደርስባቸው ጭስ በአጫሾቹ መደዳ ውስጥ ካለው ጋር የሚቀራረብ ሆነ።

የጭሱን ብዛት የጥገና ሠራተኞችም በዓይናቸው ያዩት ነበር። የካቢኑ አየር በሚወጣበት የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቭ ላይ ቡናማና ተለጣፊ ቅሪት ይከማቻል፤ ቫልቩ በአግባቡ እንዲሠራ ይህ ቅሪት እየተፋቀ መጽዳት ነበረበት። በበር ጠርዝ ወይም በአውሮፕላኑ አካል ላይ አየር የሚያሾልክ ስንጥቅ ካለም በዙሪያው ያው ቡናማ ምልክት ይታያል። በመንገደኛው ሳንባ ውስጥ ያለፈውም ይኸው አየር ነው።

ከጤናው ጉዳት በተጨማሪ የእሳት አደጋ ነበረ። ሐምሌ 11 ቀን 1973 የብራዚሉ ቫሪግ አየር መንገድ ቦይንግ 707 አውሮፕላን ከሪዮ ዴ ጄኔሮ ተነስቶ ፓሪስ ሊያርፍ ሲቃረብ ከኋላ ካሉት መጸዳጃ ቤቶች በአንዱ እሳት ተነሳ። ጭሱ ካቢኑን ሞልቶ ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ዘለቀና የበረራ መሣሪያዎቹን ማየት እስኪያቅታቸው ድረስ ጋረዳቸው። አብራሪዎቹ ኦርሊ አውሮፕላን ማረፊያ ሊደርሱ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራቸው እርሻ ላይ አሳረፉት። ከተሳፈሩት 134 ሰዎች 123ቱ ሞቱ፤ አብዛኞቹን የገደላቸው ጭሱ ነው። ከተረፉት 11 ሰዎች መንገደኛው አንድ ብቻ ሲሆን ሌሎቹ የበረራው ሠራተኞች ነበሩ። የእሳቱ መነሻ በእርግጠኝነት ባይረጋገጥም፣ በቆሻሻ መጣያ ውስጥ የተጣለ የሲጋራ ቁራጭ ከዋነኞቹ ግምቶች አንዱ ሆነ። በማግስቱ ዓመት የአሜሪካ የአቪዬሽን አስተዳደር በመጸዳጃ ቤቶች ማጨስን የሚከለክል ጽሑፍ እንዲለጠፍና በየበሩ አካባቢ መተርኮሻ እንዲገጠም አዘዘ። በ1980ዎቹ ደግሞ የጭስ ጠቋሚ መሣሪያና በቆሻሻ መጣያው ውስጥ በራሱ የሚሠራ እሳት ማጥፊያ ግዴታ ሆኑ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ከማንም የበለጠ የተጎዱት የበረራ አስተናጋጆች ናቸው። መንገደኛው ጥቂት ሰዓታት ታግሶ ይወርዳል፤ አስተናጋጁ ግን ያው ጭስ ውስጥ ለዓመታት ይሠራል፤ ከአጫሾቹ መደዳ የመሸሽ መብትም የለውም። ስለዚህ አስተናጋጆች በማኅበሮቻቸው አማካይነት ተደራጅተው በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት እየቀረቡ መሰከሩ። በ1986 የአገሪቱ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በአገር ውስጥ በረራዎች ሁሉ ማጨስ እንዲከለከል መከረ። በማግስቱ ዓመት አባቱን ገና በ14 ዓመቱ በሳንባ ካንሰር ያጣው የምክር ቤት አባል ሪቻርድ ደርቢን የክልከላ ሐሳብ አቀረበ፤ በ198 ለ193 ድምፅም አለፈ። በሴኔቱ በኩል ፍራንክ ላውተንበርግ ገፋበት። በዚህም መሠረት ከሚያዝያ 23 ቀን 1988 ጀምሮ ከሁለት ሰዓት በማይበልጡ የአገር ውስጥ በረራዎች፣ ከየካቲት 25 ቀን 1990 ጀምሮ ደግሞ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በታች በሚፈጁት ሁሉ ማጨስ ተከለከለ። ይህም የአገር ውስጥ በረራዎችን ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚያካትት ነበር።

በዓለም አቀፍ መስመሮች ላይ ለውጡ የዘገየው በውድድር ምክንያት ነው። አንድ አየር መንገድ ብቻውን ቢከለክል አጫሽ ደንበኞቹ ወደ ሌላው ይሄዱብኛል ብሎ ይሰጋል። መፍትሔው አገሮች አብረው እንዲከለክሉ ማድረግ ነበር። በ1992 ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አባል አገራት እስከ ሐምሌ 1996 ድረስ በዓለም አቀፍ በረራዎች ላይ ማጨስን እንዲያስቀሩ ጠየቀ። በ1994 አሜሪካ፣ ካናዳና አውስትራሊያ በመካከላቸው በሚደረጉ በረራዎች ክልከላውን ለማስፈጸም ተስማሙ። በጥር 1995 ዴልታ አየር መንገድ በሁሉም የዓለም መስመሮቹ ላይ ማጨስን ከለከለ። በ2000 ደግሞ የአሜሪካ ሕግ ወደ አገሪቱ የሚገቡና ከአገሪቱ የሚወጡ በረራዎችን በሙሉ ጠቀለለ።

አስተናጋጆቹ ትግላቸውን ፍርድ ቤትም ድረስ ወሰዱት። በ1991 ሲጋራ አጭሳ የማታውቀው፣ ነገር ግን በ32 ዓመቷ የሳንባ ካንሰር የተገኘባት አስተናጋጅ ኖርማ ብሮይን በባልደረቦቿ ስም ጭምር ማያሚ ውስጥ በትምባሆ ኩባንያዎች ላይ ክስ መሠረተች። ክሱ 60,000 ያህል አስተናጋጆችን የሚመለከት ነበር። በ1997 በስምምነት ሲዘጋ ኩባንያዎቹ ሌሎች በሚያጨሱት ጭስ ሳቢያ ስለሚመጡ በሽታዎች ለሚደረግ ምርምር 300 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። በገንዘቡም የበረራ አስተናጋጆች የሕክምና ምርምር ተቋም ተመሠረተ። ገንዘቡ ለከሳሾቹ በነፍስ ወከፍ አልተከፋፈለም፤ የታመሙት ግን በየግላቸው የመክሰስ መብታቸው ተጠበቀላቸው።

ዛሬ ከቦሌ የሚነሳ መንገደኛ «ማጨስ ክልክል ነው» እየተባለ በመጸዳጃ ቤቱ በር አካባቢ መተርኮሻ ሲያይ ግር ሊለው ይችላል። መተርኮሻው በስህተት የቀረ አይደለም፤ አዲስ አውሮፕላን ሲሠራም እንዲገጠም ደንቡ ያስገድዳል። ክልከላውን ጥሶ የሚያጨስ ሰው ከተገኘ ቁራጩን ወረቀት በሞላው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ እንዳይጥለው፣ እሳት የማያስነሳ ማጥፊያ ቦታ መኖር አለበት። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ከክልከላው አያመልጥም። ባትሪው ሊቀጣጠል ስለሚችል ከ2015 ወዲህ በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ ማስገባት የተከለከለ ነው። መንገደኛው በእጁ ወይም በእጅ ሻንጣው ይዞት ሊገባ ይችላል፤ በበረራ ላይ ግን ሊያጨሰውም ሆነ ቻርጅ ሊያደርገው አይፈቀድለትም።