መላና ዳጉ፦ ትንንሽ የቴክኖሎጂ ብልሃቶች በአዋሽ ሸለቆ ሙቀት
(ከሕዝባዊ ንግግር የተወሰደ ጽሑፍ)



የዛሬው ርእሴ በመጠኑ ትንሽ ነው። የማወራው ማንኛውም የመሣሪያ ወዳጅ በቤቱ ስለሚሞክራቸው መላዎች ነው፤ የስልክን ባትሪ ዕድሜ ስለ ማራዘም፣ ሶላርን አስተካክሎ ስለ መስቀል፣ ያገኙትን ብልሃትም በቴሌግራም ለወዳጅ ስለ ማካፈል። ጥያቄዬ አንድ ነው። መላ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ዕውቀት የሚሆነው መቼ ነው? ጉዳት የሚሆነውስ መቼ ነው? መልሱን የምፈልገው ከሁለት ነገሮች ነው፤ ከዚህ ምድር ሙቀትና ከአፋር ሕዝብ የዳጉ ሥርዓት።

ከሙቀቱ እንጀምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ ስንወርድ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ግድም ይቀንሳል፤ ሰመራ ስንደርስ ደግሞ ከ500 ሜትር በታች ይሆናል። በሞቃቱ ወራት የሰመራ የቀን ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። ብዙ የስልክ አምራቾች ግን ቀፎው እንዲሠራ የሚመክሩበት የአካባቢ ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ነው። የደጋ ሰው ይህን ቁጥር ሳያውቅ ዓመታት ሊኖር ይችላል። የሰመራ ሰው ግን ሳያውቀውም ቢሆን በየቀኑ ይኖርበታል።

ሙቀት ባትሪን ምን ያደርገዋል? በሊትየም ባትሪ ውስጥ ኃይል ከሚያከማቸውና ከሚሰጠው ዋና ሂደት ጎን ለጎን የማይፈለጉ የኬሚካል ለውጦች ይካሄዳሉ። እነዚህ ለውጦች ሊትየሙን ቀስ በቀስ ከአገልግሎት ያስወጡታል፤ ሙቀት ሲጨምር ፍጥነታቸው ይጨምራል። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ከሞቀ ጉዳቱ የባሰ ነው። በዚህ ላይ ኃይል መሙላት ራሱ ሙቀት ይፈጥራል። ስለዚህ ቀፎው ራሱን ለመከላከል ሲል የኃይል መሙያውን ፍጥነት ይቀንሳል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ያቋርጣል። ባለቤቱ ይህን አይቶ ቻርጀሩ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ይገዛል። የተበላሸ ነገር ግን የለም፤ ስልኩ ሙቀቱን እየተናገረ ነው።

ምክንያቱ ከታወቀ መላው ቀላል ነው። ስልክን በሌሊት ወይም ጎሕ ሲቀድ መሙላት፤ ሽፋኑን አውልቆ፣ ከፍራሽና ከትራስ ይልቅ በጠንካራ ነገር ላይ ማኖር፤ ረጅም ጉዞ ከሌለ 80 በመቶ ገደማ ላይ መንቀል፤ እየሞላ ሳለ ቪዲዮ አለማየት። አንዳንዱ የጋለ ስልክ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይከታል። ይህ ሌላ ችግር ያመጣል። ቀዝቃዛው ቀፎ ወደ ሞቃቱ አየር ሲመለስ እርጥበት ይቋጥራል፤ ውኃውም ወደ ውስጥ ይገባል። ጥላ ሥር አድርጎ በአየር ማራገቢያ ማናፈስ ይበልጣል።

ሶላርም እንዲሁ ነው። ፀሐይ በበዛበት አገር ሶላር የተጻፈበትን ኃይል ሁሉ ይሰጣል ብለን እናስባለን። ነገር ግን በሰሌዳው ጀርባ የተጻፈው መጠን የተለካው ሰሌዳው 25 ዲግሪ ላይ እያለ ነው። የተለመደው የሲሊከን ሰሌዳ ከዚያ በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ኃይል ያጣል። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ተለጥፎ 65 ዲግሪ የደረሰ ሰሌዳ 40 ዲግሪ አልፏል፤ 0.4ን በ40 ብናበዛ 16 በመቶ ይሆናል። ባለ100 ዋት ሰሌዳ 84 ዋት ግድም ቀረው ማለት ነው። አቧራ ካለበት ከዚያም ያንሳል። ሰሌዳውን ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ ነፋስ በሥሩ እንዲያልፍ ማድረግ፣ ጠዋት ሳይግል አቧራውን መጥረግ፣ የሚሞላውን ስልክ ደግሞ ገመዱን አስረዝሞ ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ ከኪስ ብዙ የማያስወጣ መላ ነው።

አሁን ወደ አሳሳቢው ክፍል ልለፍ። የቀድሞው የባቡር ሐዲድ እስከ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ሲሆን፣ አዋሽም የባቡር ጣቢያ ከተማ ሆና ያደገችው በዚሁ መስመር ነው። ዛሬ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የጭነት መኪና በአዋሽ፣ በሚሌና በሰመራ ያልፋል። መላም እንደ ጭነቱ ከደጋ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ችግሩ የተሠራበትን አየር ይዞ አለመውረዱ ነው። እንበልና አንድ ሰው ያበጠ ባትሪ ወግቶ አየሩን በማስወጣት ስልኩን እንደገና እንዳስነሳ ጻፈ። ያበጠ ባትሪ ውስጡ የታመቀው ተቀጣጣይ ጋዝ ነው፤ ሲወጋ የውስጥ ክፍሎቹ ተነካክተው ሊቀጣጠል ይችላል። ጸሐፊው አንድ ጊዜ ቢሳካለት የነገረን ስለ ዕድሉ ነው፤ ስለ ባትሪ ጠባይ የነገረን ነገር የለም። መልእክቱን ያለ ጥያቄ ያስተላለፈ ሁሉ ግን የዚያን ሰው ዕድል በሌላው እጅ ላይ ይወራረዳል።

እዚህ ላይ ነው ዳጉ የሚያስተምረን። ሁለት የአፋር መንገደኞች ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ይቀመጣሉ፤ ያዩትንና የሰሙትንም ይነጋገራሉ። ዝናብ የት ዘነበ? ግጦሹ እንዴት ነው? ውኃ የት አለ? መንገዱ ሰላም ነው? ይህ ጊዜ ማሳለፊያ ወሬ አይደለም፤ ከብቶች የሚነዱት በዚሁ ነው። ስለዚህ ሥርዓቱ ሕግ አለው። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሌላ ከሰማው ይለያል። ሰሚውም ከማን፣ የት፣ መቼ ብሎ ይጠይቃል። ሐሰት ያስተላለፈ ሰው አመኔታ ያጣል። አርብቶ አደሩ ኅብረተሰብ ለዘመናት በዚህ በረሃ የተመራው በፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን በተጠያቂነቱም ጭምር በሚታመን የመረጃ መንገድ ነው።

ይህ ጥንቃቄ ሲጎድል የሚሆነውን ከራሳችን የኮምፒውተር ታሪክ እናውቀዋለን። ግዕዝን በኮምፒውተር ለመጻፍ የተጉ ባለሙያዎች ድንቅ መላ አምጥተዋል። ይሁን እንጂ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ፕሮግራሞች የየራሳቸው የፊደል አሰጣጥ ስለ ነበራቸው፣ በአንዱ የተጻፈ ሰነድ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሥሪት 3.0 ሲካተት ነው ለሁሉም የጋራ ቁጥር የተሰጠው። የአፋርኛ ጽሕፈት ግን በሌላ መንገድ ሄዷል። ቋንቋው በላቲን ፊደል ሲጻፍ ለተለዩ ድምፆቹ አዲስ ምልክት አልፈለገም፤ እንደ ኪው፣ ኤክስና ሲ ያሉትን ነባር ፊደላት አዲስ ተግባር ሰጣቸው። በዚህም ምክንያት ማንኛውም ተራ የእጅ ስልክ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም አፋርኛ ይጽፋል። ከሁለቱም የምንማረው አንድ ነው፤ ብልሃት የሚዘልቀው ተቀባዩ ሊያነበው በሚችል ሁኔታ ሲተላለፍ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ አንድ መላ ከማካፈላችሁ በፊት የዳጉን ጥያቄዎች ለራሳችሁ አቅርቡ። ይህን እኔው ሠርቼ አየሁት ወይስ ሰማሁት? በየትኛው መሣሪያ፣ በየትኛው ከተማ፣ በስንት ዲግሪ ሙቀት? ስንት ጊዜ ሞከርሁት? ያልሠራውስ መቼ ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ አትለፉት። ያልተሳካ ሙከራ በትክክል ከተጻፈ የሌላውን ሰው ገንዘብ፣ አንዳንዴም እጁን ያተርፋል። ቴርሞሜትርና ደብተር ያለው ተማሪ የራሱን ስልክና የጎረቤቱን ሶላር ለአንድ ወር ቢመዘግብ፣ ከደጋ የሚወርደው ምክር የማይነግረንን ሊነግረን ይችላል።

አበው «ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምር» ይላሉ። እኔ ደግሞ ዛሬ፣ መላ ሲነግሯችሁ ጥያቄ ጨምሩ እላለሁ።