ስለ ቡስት ቁጥር፤ ከአንድ መካኒክ ማስታወሻ

«ጋሼ፣ 22 ብቻ እኮ ነው ያደረግሁት፤ የአጎቴ ልጅ ቨርጂኒያ ውስጥ ይህንኑ መኪና በ22 ሲነዳው ዓመት አልፎታል» ሲል አንድ ወጣት የተናገረኝ ቃል፣ መኪናው በጎታች ተጭኖ በአውሮራ ኮሎራዶ ካለው ጋራዤ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ፣ ሞተሩ ተፈትቶና ተገጥሞ፣ ሒሳቡም ተከፍሎ ካለቀ በኋላ እንኳ ከአእምሮዬ ሊወጣ አልቻለም። ካንዴላዎቹን ሳወጣቸው በአንደኛው ሸክላ ላይ የረቀቀ የአሉሚኒየም ብናኝ ተረጭቶበት ስላየሁ፣ ገና ቴስታታው ሳይነሣ የፒስተኑ የፋሻ መቀመጫ እንደ ተሰበረ ዐውቄ ነበር፤ ምልክቱ ምን ማለት እንደ ሆነ ለሙያ ባልደረቦቼ ማስረዳት አያሻኝም። ፒስተን በገንዘብ ይተካል። በዚያ ቃል ውስጥ ያለው እምነት ግን፣ ማለትም በመለኪያው ላይ በፒኤስአይ የሚታየው የግፊት፣ ቡስት የምንለው፣ ቁጥር የሞተሩ ኃይል ልክ ነው፣ ቁጥሩም የትም ቢሆን አንድ ነው የሚለው እምነት፣ ከወጣቱም፣ ከጎልማሳውም፣ ባለሙያ ነኝ ከሚለውም አፍ ዘወትር የምሰማው ስለ ሆነ፣ እነሆ ታክቶኝ ስለ እርሱ ልጽፍ ተነሣሁ።

ግፊት በመሠረቱ ቱርቦው ከላከው አየር ሞተሩ ወዲያው ሊውጠው ያልቻለው በማኒፎልዱ ውስጥ ተጨንቆ የሚቆምበት ሁኔታ እንጂ፣ ወደ ሲሊንደር የገባው አየር መጠን አይደለም። ይህን በዐይኑ ማየት የሚወድ ሰው ቢኖር፣ ቴስታታው ተስተካክሎ፣ ካምሻፍቱ ተለውጦ፣ ማርሚታው ሰፍቶ የመጣ ሞተር በዚያው በቀድሞው የመቆጣጠሪያ መቼት ሲነዳ፣ መርፌው ከ18 ወደ 16 ወርዶ ሳለ መኪናው ከቀድሞው ይልቅ ሲፈጥን ያገኘዋል፤ አየሩ መንገድ ስላገኘ ጭንቀቱ ቀንሷል፣ ሥራውም በዝቷል ማለት ነው። ባለቤቱ ግን ደስ በመሰኘት ፈንታ «ሁለት ፒኤስአይ ጠፋብኝ፣ መልስልኝ» ብሎ ይከራከራል። እንዲሁም አንድ ትንሽ ቱርቦና አንድ ትልቅ ቱርቦ ሁለቱም 15 ቢያሳዩ፣ የሚያመጡት የአየር ክብደትና የአየሩ ሙቀት እጅግ የተራራቀ ነው፤ ቁጥሩ አንድ በመሆኑ ብቻ እኩል ናቸው ብሎ የሚሟገተኝ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ዝም ማለትን መርጫለሁ።

የኤሌክትሮኒክ ቡስት መቆጣጠሪያ የተባለው ዕቃ ደግሞ፣ ብዙ ዶላር ቢወጣበትና ፊቱ በብርሃን ቢያጌጥ፣ ለሞተሩ በራሱ አንዲት ትንፋሽ አየር ስንኳ አይጨምርለትም። የቱርቦውን የጢስ በር፣ ዌስትጌት የምንለውን፣ የሚከፍተው ዲያፍራም በአንድ ወገን በሞላ ተደግፎ፣ በሌላው ወገን ከኮምፕሬሰሩ የሚመጣውን ግፊት እየተቀበለ፣ ግፊቱ ሞላውን ባሸነፈ ጊዜ በሩን ገልጦ ጢሱ ተርባይኑን ሳይነካ በጎን እንዲያልፍ ያደርጋል፤ መቆጣጠሪያውም በዚያች ቀጭን ቱቦ መካከል ገብቶ፣ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ የሚከፈትና የሚዘጋውን ሶሌኖይድ እያንቀሳቀሰ፣ ለዲያፍራሙ ሊደርስ ከሚገባው ግፊት ከፊሉን ያስቀርበታል። እንግዲህ ሥራው በቀድሞ ዘመን በመኳንንት ደጅ ይቆም የነበረው የአጋፋሪ ሥራ ነው፤ የአገሩ ሁከት ከጌታው ጆሮ እንዳይደርስ ባለጉዳዩን ደጅ ያስጠናል፣ ጌታውም አገር ሰላም መስሎት በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ዲዩቲውን፣ ማለት የሶሌኖይዱን የሥራ ድርሻ፣ ከፍ አደረግሁ ማለት ከወሬው የሚደርሰውን አሳነስሁ ማለት ነው፤ ስለዚህ ከሞላው ግፊት በታች መውረድ ለዚህ ዕቃ ፈጽሞ አይቻለውም፤ ሞላው ለ10 ፒኤስአይ የተሠራ ከሆነ፣ መቆጣጠሪያው ጠፍቶም ቢሆን 10 ይገኛል፤ 8 አድርግልኝ የሚል ሰው ሞላ ይለውጥ እንጂ በቁልፉ አይድከም።

አሁን ወደዚያ ወጣት ቁጥር እንመለስ። በዳሽቦርዱ ላይ የሚገጠመው መለኪያ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ትርፍ ብቻ ስለ ሆነ፣ ዜሮ የተባለው መነሻ ራሱ እንደ ምድሩ ከፍታ ይለያያል። በባሕር ወለል ላይ የአየሩ ግፊት 14.7 ፒኤስአይ ሲሆን፣ 1,600 ሜትር ከፍታ ባላት በዴንቨርና በአካባቢዋ 12.1 ያህል ነው። በቨርጂኒያ ቆላ ያለው የአጎቱ ልጅ ቱርቦ ከ14.7 ተነሥቶ 36.7 ፍጹም ግፊት ሲያደርስ የውጭውን አየር ሁለት እጥፍ ተኩል ጨምቆታል፤ የወጣቱ ግን ከ12.1 ተነሥቶ 34.1 ሲያደርስ፣ ያገኘው ከዘመዱ ያነሰ ሆኖ ሳለ፣ ድካሙ ወደ 2.8 እጥፍ ከፍ ብሏል። ከዘመዱ እኩል ልሁን ቢል ኖሮ በመለኪያው 24.6 ማሳየት፣ ማለት የውጭውን አየር ሦስት እጥፍ መጨመቅ ያስፈልገው ነበር፤ ይህም ከፋብሪካ የመጣ ትንሽ ቱርቦ በደኅና ሊሠራው የሚችለው ሥራ አይደለም። ቱርቦ ከተሠራለት ልክ ባለፈ ጊዜ የሚጨምረው ሙቀት ነው፤ 25 ዲግሪ ሆኖ የገባው አየር በሁለት እጥፍ ተኩልና በ70 በመቶ ብቃት ሲጨመቅ 150 ዲግሪ ግድም፣ በ2.8 እጥፍና ብቃቱ ወደ 65 በመቶ ወርዶ ሲጨመቅ ግን ከ180 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይወጣል። ኢንተርኩለሩ ከዚህ ሙቀት ብዙውን ቢወስደውም፣ በከፍታ ላይ ሙቀቱን የሚቀበለው የውጭ አየር ራሱ የሳሳ መሆኑን ማን ያስበዋል?

በዚህ ላይ የነዳጁ ነገር አለ። በቨርጂኒያ ማደያ 93 ኦክቴን በቀላሉ ይገኛል፤ እኛ ዘንድ ከፍተኛ የተባለው ቤንዚን 91 ሲሆን፣ ዝቅተኛው ደግሞ 85 ነው። የሞቀ አየርና ያነሰ ኦክቴን በአንድ ሲሊንደር ውስጥ በተገናኙ ጊዜ፣ ካንዴላው ካቀጣጠለው እሳት ፊት ያለው ጋዝ ያለ ጊዜው በራሱ ይፈነዳል፤ ኖክ የምንለው ይህ ነው፤ ድምፁም ከማርሚታው ጩኸት የተነሣ በወጣት ጆሮ አይሰማም። አንዱ ዘመድ ለሌላው በስልክ የነገረው ቁጥር እንግዲህ ከየት ምድር፣ ከየትኛው ነዳጅ፣ ከየትኛው ቱርቦ እንደ ተነሣ ካልተነገረ፣ ከነጭራሹ ባይነገር በተሻለ ነበር።

ይህ የከፍታ ጉዳይ አዲስ ነገር እንዳይመስል፣ ቱርቦ ራሱ ከአየር መሳሳት ጋር ተያይዞ ያደገ መሣሪያ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቢዩሺ እ.ኤ.አ. በ1905 የባለቤትነት መብቱን ካስመዘገበ በኋላ፣ ከእኛ በደቡብ በኩል ባለው በፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ፣ 4,300 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ጫፍ፣ የጀነራል ኤሌክትሪኩ ሳንፎርድ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1918 ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር አውጥቶ ፈተነው። ያ ሞተር በቆላው ምድር 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው በተራራው ጫፍ 230 ብቻ ሰጠ፤ ቱርቦው በተገጠመለት ጊዜ 356 ሆነ። ሞስ የደከመው የጎደለውን አየር ለመመለስ ነበርና ስሌቱ በፍጹም ግፊት የተመሠረተ ነው፤ በመርፌው ትርፍ ብቻ የሚመካው የዛሬው ሰው ግን፣ ያ ሁሉ ድካም የተደከመበትን ነገር ከነጭራሹ ረስቶታል።

አዲስ አበባ ያሉ የሙያ ወዳጆቼም አልፎ አልፎ ይደውሉልኛል፤ ቀደም ሲል ከዱባይ በጅቡቲ በኩል የገባች ቱርቦ መኪና መቆጣጠሪያዋ ከነመቼቱ እንደ ተገጠመ ደርሷቸው፣ «ስንት ላይ እናድርገው?» ይሉኛል። ዱባይ ከባሕሩ ዳር ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነች የአየሯ ግፊት 11 ፒኤስአይ ግድም ነው፤ በዱባይ 18 ያሳይ የነበረ ቱርቦ በባሕር ወለል 2.2 እጥፍ ሲጨምቅ፣ በአዲስ አበባ ያንኑ 18 ሲያሳይ ከ2.6 እጥፍ በላይ ይጨምቃል። ስለዚህ መልሴ ሁልጊዜ አስቀድማችሁ ወደ ሞላው ግፊት አውርዳችሁ ንዱት የሚል ነው፤ ደዋዩ ግን ቁጥር ጠብቆ ስለ ነበር ቅር እያለው ስልኩን ይዘጋል።

የዚህ ዕቃ መነሻ ዓላማ እንኳ ዛሬ ተገልብጧል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የስዊድኑ ሳብ ኤፒሲ ብሎ ያወጣው የኤሌክትሮኒክ ሥርዐት፣ በሞተሩ አካል ላይ በተተከለ የኖክ ሴንሰር እያዳመጠ፣ ነዳጁ ደካማ ሆኖ ሞተሩ ሲያንኳኳ ቡስቱን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ መቆጣጠሪያው የሞተሩ ጠባቂ ነበር ማለት ነው። ዛሬ በየመኪናው ከውጭ የሚጨመረው ብዙው መቆጣጠሪያ ግን ሞተሩን የሚያዳምጥበት ጆሮ የለውም፤ የሚያውቀው ግፊትን፣ አንዳንዱም የሞተሩን ዙር ብቻ ነው። የጃፓኖቹ ኤችኬኤስና ግሬዲ የሚሠሯቸው መቆጣጠሪያዎች በአሠራራቸው ንጹሐን ናቸው፤ እኔም በደስታ እገጥማቸዋለሁ፤ ነገር ግን የታዘዙትን ቁጥር ይፈጽማሉ እንጂ ትእዛዙ ትክክል ነው ወይስ ስሕተት ብለው አይመረምሩም። «ራሱ ይማራል እኮ» የሚሉኝ ሰዎች ይህን ቢያስተውሉ መልካም ነበር፤ የሚማረው ወደ ታዘዘው ቁጥር የሚደርስበትን መንገድ ብቻ ነው። የኢንተርኩለሩ ቱቦ ተሰንጥቆ አየር በሚያፈስበት ጊዜ፣ ይህ ትጉህ ተማሪ ዲዩቲውን ከፍ እያደረገ ቱርቦውን ከልኩ በላይ ያሽከረክረዋል፤ መርፌው ቀጥ ብሎ በቦታው ስለሚቆም ባለቤቱ ጉድለቱን አያውቅም፤ ቱርቦው ዘይት መትፋት ሲጀምር ብቻ ወደ እኔ ይመጣል። ዲዩቲው ያለ ምክንያት ከዓምናው ከፍ ብሎ ያገኘሁበትን መኪና ሁሉ፣ መቼቱን ከመንካቴ በፊት ቱቦዎቹን በግፊት እፈትሻለሁ፤ ለዚህ የምጠይቀውን የሰዓት ዋጋ ግን ያለ ማጉረምረም የሚከፍል ደንበኛ ገና አላየሁም።

ከመርፌው ቀጥሎ የሚመለከው ደግሞ የዳይኖ፣ ማለት የኃይል መለኪያው ማሽን፣ ወረቀት ነው። በዚህ በከፍታ አገር የዳይኖ ማሽኖች የአየሩን መሳሳት ለማካካስ ኤስኤኢ ባወጣው ስሌት ውጤቱን ወደ 20 በመቶ ያህል ከፍ አድርገው ያትማሉ፤ ስሌቱ ቱርቦ ለሌለው ሞተር ቅን ፍርድ ነው፤ ቱርቦ ያለው ሞተር ግን ከጎደለው አየር አብዛኛውን በቡስት መልሶ ወስዶ ሳለ፣ ሁለተኛ ካሣ ይጨመርለታል። በጎማው ላይ 300 የሰጠ መኪና በወረቀቱ 360 ሆኖ ይወጣል። ባለቤቱ ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ሲሰቅለው አይቼ አውቃለሁ፤ ደስታውን ማፍረስ የእኔ ሥራ አይደለም ብዬ ዝም አልሁ።

ስለ አስተካካሉ ብዙ አልልም፤ አንድ ሁለት ነገር ግን ከመናገር አልቦዝንም። በሁለተኛ ማርሽ የተተከለ ቁጥር አይታመንም፤ ሞተሩ ዙሩን ቶሎ ስለሚጨርስ ቱርቦው ለመድረስ ጊዜ አያገኝም፤ በአራተኛ ማርሽ ሸክሙ ሲበዛና ሲረዝም ያው መቼት ከተጠበቀው አልፎ ይሄዳል። ቱርቦው ዘገየብኝ ብሎ ጌይኑን፣ ማለት የመቆጣጠሪያውን የምላሽ ብርታት፣ በራሱ ከፍ የሚያደርግ ሰውም፣ ለጥቂት ፍጥነት ብሎ መርፌው ከልክ አልፎ የሚዘልበትን ወጥመድ ያዘጋጃል፤ ያም ዝላይ ለዐይን ቅጽበት ቢመስልም በፒስተኑ ላይ ብዙ ምት ነው። በሐምሌ በ35 ዲግሪ ሙቀት የተስተካከለውን መኪና በጥር ከ15 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ሳይፈተሽ በሙሉ ኃይል የሚነዳው ሰው ደግሞ፣ ብርዱ አየሩን እንዳከበደው፣ በዚያው ዲዩቲ ግፊቱ ከፍ እንደሚል አያስብም። ስለዚህ የመቆጣጠሪያውን ማስጠንቀቂያ ከምንፈልገው ግፊት 2 ፒኤስአይ ብቻ ከፍ አድርጌ እተክለዋለሁ፤ ግፊቱ ያንን ባለፈ ጊዜ ዕቃው ይጮኽና ዲዩቲውን ወደ ዜሮ ጥሎ መኪናውን በሞላው ብቻ ያስኬደዋል። ብርዱ በገባ በሳምንቱ ጩኸቱ አስቸገረን፣ እንዴት ይጠፋል እያሉ የሚደውሉልኝ ብዙዎች ናቸው፤ መኪናውን ይዛችሁ ኑ፣ ዲዩቲውን እንቀንሰዋለን እላቸዋለሁ።