ስለ ኤም አር አይ ክፍል አደጋና ስለ መከላከያው

በሥውር የተቀመጠን በሽታ ፈልገው ከሚያገኙት የዘመኑ የሕክምና መሣሪያዎች አንዱ ኤም አር አይ የተባለው ነው። ይህ መሣሪያ የአንጎልን፣ የአከርካሪንና የመገጣጠሚያን ሁኔታ ሥጋን ሳይቀድ፣ ራጅ የሚሠራበትንም ጨረር ሳይጠቀም በሥዕል ያሳያል። ስለዚህም ብዙ ሰዎች «ጨረር ከሌለው ጉዳት የለውም» ብለው ያምናሉ። በዚህ ጽሑፋችን ልናስረዳ የምንሻው ይህ እምነት በግማሹ ብቻ እውነት መሆኑን ነው። ደንቡን ጠብቆ ለሚመረመር ሰው መሣሪያው ደግ አገልጋይ ነው፤ ዳሩ ግን ወደ ክፍሉ የሚገባውን ብረት አይምርም።

ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። የመሣሪያው ዋና ክፍል ታላቅ ማግኔት ነው። በየሐኪም ቤቱ በብዛት የሚገኙት ማግኔቶች ኃይላቸው 1.5 ወይም 3 ቴስላ ሲሆን፣ ይህም የኮምፓስን መርፌ ከሚያዞረው ከምድር ማግኔት ኃይል ከ20 ሺህ እጥፍ በላይ ነው። በውስጣቸው ያለው የሽቦ ጥቅል በፈሳሽ ሂሊየም አማካይነት ከዜሮ በታች እስከ 269 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። በዚህ ቅዝቃዜ ሽቦው የኤሌክትሪክን ጉዞ ስለማይቃወም፣ አንድ ጊዜ የገባው ኤሌክትሪክ ሳይጨመርለት ሲዞር ይኖራል። እንግዲህ የራጅ መሣሪያ ሲጠፋ ጨረሩ ይቆማል፤ የኤም አር አይ ማግኔት ግን ሌሊትም ቢሆን፣ በበዓል ቀንም ቢሆን፣ መብራት በጠፋበት ሰዓትም ቢሆን ኃይሉ አይለየውም። ስበቱም ከሩቅ አይሰማም። ብረት የያዘ ሰው ጥቂት እርምጃ ሲቀርብ ግን ኃይሉ በድንገት ይበረታና፣ ብረቱ ከእጁ አምልጦ ይወነጨፋል።

ይህን አለማወቅ የሰው ሕይወት አስከፍሏል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2001 በአሜሪካ በኒውዮርክ ግዛት አንድ የ6 ዓመት ሕፃን በምርመራ ላይ ሳለ ኦክስጅን ቢያስፈልገው፣ ወደ ክፍሉ የገባው የኦክስጅን ሲሊንደር በማግኔቱ ተስቦ ራሱን መታውና ሞተ። በ2018 በሕንድ አገር በሙምባይ ከተማ የታመመች ዘመዱን ሊያስመረምር የመጣ ሰው የኦክስጅን ሲሊንደር ይዞ ገብቶ ሕይወቱን አጣ፤ ቤተሰቦቹ እንደተናገሩት «መሣሪያው አልበራም» ተብሎ ነበር። በ2025ም በዚያው በኒውዮርክ ግዛት፣ በአንገቱ ከባድ የብረት ሰንሰለት ያደረገ ሰው ወደ ክፍሉ ገብቶ በማግኔቱ ተሳበና በደረሰበት ጉዳት ሞተ። በሦስቱም ጊዜ የአደጋው መነሻ በሩን አልፎ የገባ ብረት ነበር። ከሞቱትም ሁለቱ ሕመምተኞች ሳይሆኑ አብረው የመጡ ሰዎች ነበሩ።

በአገራችንም ሕመምተኛ ብቻውን ሐኪም ቤት የሚሄድበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ዘመድ ወይም ጎረቤት ይከተለዋል። ስለዚህ ትምህርቱ ለአስታማሚው፣ ለጽዳት ሠራተኛው፣ ለዘበኛውና ቃሬዛ ለሚገፋውም ሊደርስ ይገባል። ከክፍሉ ባለሙያ ፈቃድ ሳያገኝ ማንም ሰው ደፉን አይለፍ። ለምርመራ የሚቀርብ ሰውም የሚከተለውን ይፈጽም።

1ኛ፤ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ስልክ፣ ሰዓት፣ የፀጉር ማስያዣ፣ መርፌ ቁልፍ፣ አምባር፣ የአንገት መስቀልና ክታብ ሁሉ ከውጭ ይተው። መስቀልን ለጥቂት ጊዜ ማውለቅ ከእምነት መራቅ አይደለም፤ በአስታማሚ እጅ ሆኖ ይጠብቀዋል።

2ኛ፤ በሰውነቱ ውስጥ ያለውን ሳይደብቅ ይናገር። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ፣ በአንጎል የደም ሥር ላይ የተደረገ መቆንጠጫ፣ አጥንት የሚይዝ ብረት፣ በጦርነት ጊዜ የቀረ ጥይት ወይም የፈንጂ ስባሪ ካለ ባለሙያው ማወቅ አለበት። ዛሬ ለዚህ ምርመራ እንዲስማሙ ተደርገው የሚሠሩ ብዙ ናቸውና፣ ስለተተከለው ዕቃ የሚገልጽ ወረቀት ያለው ይዞ ይቅረብ።

3ኛ፤ ብረት በመበየድ ወይም በመሞረድ ሥራ የኖረ ሰው በዓይኑ ብረት ገብቶበት የሚያውቅ እንደሆነ ይግለጽ። በዓይን ውስጥ የቀረች ቅንጣት ብትንቀሳቀስ ብርሃኑን ልታጠፋ ስለምትችል፣ አስቀድሞ በራጅ መታየት ይኖርበታል።

4ኛ፤ በምርመራው ጊዜ የሚላከው የሬድዮ ሞገድ ሙቀት ሊፈጥር ይችላል። ስለዚህ የብረት ክር ያለበት ልብስ አይልበስ፤ በቆዳ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት ካለው ይናገር፤ እጅና እጁን ወይም እግርና እግሩን አያነካካ። የመቃጠል ስሜት ቢያድርበት ሳይታገሥ መጥሪያውን ይጫን። ድምፁም ከፍተኛ ነውና የጆሮ መከላከያ ሳያደርግ አይግባ።

ለሥራ ባልደረቦቻችንም የምንለው አለ። የሕመምተኛው ልብ ቢቆም፣ ደረቱን እየተጫናችሁ ፈጥናችሁ ከክፍሉ አውጡት እንጂ የእርዳታውን መሣሪያ ወደ ክፍሉ አታስገቡ። በችኮላ የሚገባ ሲሊንደር አንዱን አድናለሁ ሲል ሌላውን ይገድላል። ወደ ክፍሉ የሚገባ ዕቃ ምልክቱ ይታይ፤ አረንጓዴ አራት ማዕዘን የተፈቀደ፣ ቢጫ ሦስት ማዕዘን በተወሰነ ሁኔታ ብቻ የተፈቀደ፣ ቀይ ክብ ፈጽሞ የተከለከለ ማለት ነው። ምልክት የሌለው ዕቃ እንደ ተከለከለ ይቆጠር።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የዚህ አደጋ መድኃኒት ውድ አይደለም፤ በበሩ ላይ ቆሞ መጠየቅና መመለስ ብቻ ነው። ጠያቂው አይሰልች፤ ተጠያቂውም አይቆጣ። «መሣሪያው ጠፍቷል» የሚል ቃል ሲሰማ ግን ማግኔቱ እንደማይጠፋ ሁሉም ሰው ያስታውስ።