የታጠፈ ሹካና የታመቀ ሞላ

ባለፈው ክረምት አንድ የጎረቤቴ ልጅ ቦይ ውስጥ የገባች ሞተር ብስክሌቱን በግቢው አቁሞ፣ የፊት ሹካዋን ሊፈታ መፍቻ ይዞ አገኘሁት። ፊቱ በትክክል ከላይኛው ክዳን በላይ ነበርና ጥቂት እንዲታገሥ ለመንሁት። ምክንያቱን ለውድ አንባብያን ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ቢ.ኤም.ደብሊው እ.ኤ.አ. በ1935 በአር 12 ሞተር ብስክሌቱ ላይ በዘይት የሚሠራውን ዓይነት ካዋለ ወዲህ የተስፋፋው ቴሌስኮፒክ ሹካ፣ እያንዳንዱ እግሩ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተቱ ሁለት ቱቦዎች ነው። በውስጡ ያለው ሞላ ሸክሙን ይችላል፤ ዘይቱ ደግሞ በጠባብ ቀዳዳዎች ሲያልፍ የንዝረቱን ኢነርጂ ወደ ሙቀት ይለውጣል።

ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው ሕግ መሠረት የሞላ ኃይል ከእመቃው ጋር በቀጥታ ያድጋል፤ የሚያጠራቅመው ኢነርጂ ግን በእመቃው ስኩዌር ልክ ነው። አንድን ሞላ 1 ሚ.ሜ. ለማመቅ 7 ኒውተን ያስፈልጋል እንበል። ጤናማው ሹካ ተዘርግቶ ሳለ ሞላው 25 ሚ.ሜ. ታምቆ ቢቀመጥ፣ ክዳኑን በ175 ኒውተን ይገፋል፤ ኢነርጂውም 2.2 ጁል ገደማ ነው። ሹካው ታጥፎ 100 ሚ.ሜ. እንደ ገባ ቢነክስ ግን እመቃው 125 ሚ.ሜ. ይሆናል። እመቃው 5 እጥፍ ሲሆን ኢነርጂው 25 እጥፍ፣ ማለትም ወደ 55 ጁል ይደርሳል። ይህ ሁሉ ለ100 ግራም ክዳን ቢሰጥ በሰከንድ 33 ሜትር ያህል ያስፈነጥረዋል። ሞላው ራሱ ድርሻውን ስለሚወስድ ፍጥነቱ ከዚህ ያንሳል፤ ዓይን ለማጥፋት ግን ይበቃል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መፍታት ሳይሆን መለካት ነው። ከሞተሩ ሥር ደግፈን የፊት ጎማውን ከመሬት ስናነሳ ሹካው ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አለበት። የሚታየውን የሚያብረቀርቅ ቱቦ ርዝመት ከተመሳሳይ ጤናማ ሞተር ብስክሌት ጋር እናስተያይ። ካጠረ ክዳኑ አይነካ፤ ለባለሙያ ይተው። የአየር ቫልቭ ያለው ወይም በጋዝ የሚሠራ ሹካም የራሱ ሥርዓት ስላለው የሚከተለው ቀላሉን ዓይነት ብቻ ይመለከታል።

ሹካው ከተዘረጋ፣ እግሩ ገና በማቀፊያው እንደ ተያዘ የላይኛውን የማቀፊያ ቡሎን አላልቶ ክዳኑን በጥቂቱ ብቻ ማላላት ይገባል፤ ከወጣ በኋላ ቱቦው አብሮ ይዞራልና። ጎማውና ፍሬኑ ወጥተው እግሩ ሲወርድ፣ የዘይት መቀበያ ከሥሩ አድርጎ የታችኛውን ቡሎን ሞላው ሳይወጣ ማላላት ይሻላል፤ የሞላው ግፊት የውስጡን ዘንግ ከመዞር ይከለክለዋል። ከዚያም መነጽር አድርጎ፣ ፊትን ወደ ጎን መልሶ፣ ክዳኑን በጨርቅ ወደ ታች እየተጫኑ የመጨረሻዎቹን ጥርሶች መፍታት ነው።

ዘይቱ ፈስሶ ቱቦዎቹ ሲለያዩ፣ የውስጠኛውን ቱቦ በወፍራም መስታወት ላይ እናንከባልለው። ከሥሩ የሚታየው ክፍተት ቱቦው ሲዞር ሰፋ ጠበብ የሚል ከሆነ ታጥፏል። ብረት ከመለጠጥ ወሰኑ አልፎ ከታጠፈ መልሶ ማቃናት ዳግመኛ ማዳከም ነው፤ ፍሬን ሲያዝ የሚመጣውን ኃይል የሚችለው ደግሞ ይኸው ቱቦ ነውና መለወጡ ይመረጣል።

ወጣቱ ከጓደኛው ሞተር ብስክሌት ጋር አስተያይቶ ለካ። ስድስት ሳንቲ ሜትር አጥሮ ነበር። መፍቻውን አስቀመጠ።