ሴቴዋን ምረጥልኝ

ክረምት ገብቶ ካራ ላይ ችግኝ ስናድል ኮሶ የሚወስዱ እናቶች ደጋግመው የሚሉኝ ነገር አለ፦ «ልጄ፣ ሴቴዋን ምረጥልኝ»። እውነታቸውን ነው። ቀዩን አበባ የምታንዠረግገው፣ ለኮሶ ትል መድኃኒትነቷም የታወቀው ሴቴዋ ናት፤ የወንዴው አበባ ነጣ ብሎ ወደ ብርቱካንማ ያደላል። እኔ ግን መምረጥ አልችልም። ላስቲክ ውስጥ ያለ የኮሶ ችግኝ አድጎ እስኪያብብ ድረስ ወንዴ ይሁን ሴቴ በዓይን አይለይም።

ከችግኙ ጎን ለጎን ቀፎም ስለምከታተል፣ ይህን ጥያቄ ስሰማ ንብ ትዝ ትለኛለች። በንብ ዘንድ ጾታ የዕድል ጉዳይ አይደለም። ፍሬም አንሥታችሁ የማር እንጀራውን ብታዩ አብዛኛው ቀዳዳ ጠባብ ነው፤ ወደ ጠርዙ ግን ሰፋ ያሉ፣ ክዳናቸው ጉብ ያለ ታገኛላችሁ። ንግሥቲቱ በጠባቡ የዳበረ እንቁላል ትጥላለች፤ ሠራተኛ ሴት ትወጣለች። በሰፊው ያልዳበረውን ትጥላለች፤ ያ ድንጉላ ይሆናል፣ አባት የለውም። ሰፊውን ቀዳዳ የሚሠሩት ደግሞ ሠራተኞቹ ናቸው፤ ቀለብ ሲደራ ይጨምሩታል፣ ሲያጥር ድንጉሎቹን ከቀፎ ያባርራሉ። ሠራተኛዋ አበባ በደራበት ወቅት የምትኖረው 6 ሳምንት ያህል ነው፤ ኅብረ ንቡ ግን ይቀጥላል።

ኮሶ እንዲህ የሚያመጣጥንለት የለም። የወንዴው ብናኝ ካልደረሳት ሴቴዋ ብታብብም ዘር አትይዝም። በምኒልክ ዘመን መጥቶ እንጦጦን ያለበሰው ባሕር ዛፍ ይህ ችግር የለበትም፤ አንዷ አበባ ሁለቱንም ጾታ ይዛለች፣ ቢቆርጡትም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን ከጥድ፣ ከዝግባና ከዋንዛ ጋር ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ደግ ሥራ ነበር። ነገር ግን ለብቻው የቀረ ኮሶ ማንም ባይነካውም ሳይተካ ያልቃል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ስለዚህ ለእናቶቹ የምመልሰው እንዲህ ነው፦ «እማማ፣ አምስት ስድስት ይውሰዱ። ኮሶ ሲያድግ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ግቢው ከጠበበዎት ለጎረቤት ያካፍሉ። አምስት ስድስት ሆነው ተቀራርበው ከበቀሉ ሁሉም አንድ ጾታ የመሆናቸው ዕድል ጠባብ ነው። ወንዴ ሆኖ የወጣውንም አይቁረጡብኝ፤ ብናኙ ለሴቴዋ ዘር፣ ለንቦቹም ቀለብ ነው።»