ሕጉ ሐኪም ይጠራል፤ ሐኪሙ ግን ሩቅ ነው

ባሌ ሮቤ መናኸሪያ አጠገብ ባለች ሻይ ቤት ውስጥ አግዳሚ ወንበር የተጋራኋቸው እናት በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዘው ነበር። «ልጄ፣ አንብብልኝ እስቲ፤ ቀጠሮው መቼ ነው የሚለው?» አሉኝ። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ተከሳሹ የአእምሮ ምርመራ ተደርጎለት ውጤቱ እንዲቀርብ ያዛል። ተከሳሹ ወንድማቸው ነው፤ ከጎባ በላይ ባለ ቀበሌ የጎረቤቱን የገብስ ክምር አቃጥሏል ተብሎ ታስሯል። ቀጠሮው ደጋግሞ የተለወጠው የሐኪሙ ወረቀት ስላልደረሰ ነው።

«ሲሻለው ያርሳል፣ ከብት ያግዳል፣ ታላቁን ያከብራል። ሲነሳበት ግን እኔንም አያውቀኝ» አሉኝ። «ለዱዓ ድሬ ሼህ ሁሴን ወሰድነው። ጎረቤቴ ጠበል ሞክሪ ስትለኝ ጠበልም ወሰድኩት። ሲብስበት ያሰርኩት እኔ ነኝ። ገመዱ እጁን እንዳይልጠው ነጠላዬን ቀድጄ ጠመጠምኩበት። ሠርግ በሄድኩበት ቀን አንድ ዘመድ አሳዝኖት ፈታው። ክብሪቱን ከየት እንዳገኘ አላህ ይወቅ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ የሕግ መጻሕፍቱን ስገልጥ ነው የከረምኩት።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 የሚለው ግልጽ ነው። በሕመም፣ በዕድገት መዘግየት ወይም በአእምሮ መዳከም ምክንያት ድርጊቱን በፈጸመበት ሰዓት የሥራውን ምንነት ወይም ውጤት መረዳት ያልቻለ፣ ወይም ተረድቶም ራሱን መግዛት ያቃተው ሰው በወንጀል አይጠየቅም። ችሎታው በከፊል ብቻ የተጓደለ ከሆነ በአንቀጽ 49 መሠረት ቅጣቱ ይቀልለታል። አውቆ ወይም በቸልተኝነት ራሱን በመጠጥ ያሳበደ ግን በዚህ መጠለል አይችልም፤ አንቀጽ 50 በሩን ይዘጋበታል።

«ራሱን መግዛት ያቃተው» የምትለዋን ሐረግ ልብ ይበሉልኝ። እ.ኤ.አ. በ1843 ዳንኤል ማክናተን የተባለ ሰው ለንደን ላይ የእንግሊዙን ጠቅላይ ሚኒስትር ጸሐፊ ኤድዋርድ ድረመንድን ገደለ። በእብደት ምክንያት ነጻ ሲባል አገር ተቆጣ፤ ዳኞቹም በዓለም ሁሉ የታወቀውን መመዘኛ አወጡ። መመዘኛው የሚጠይቀው ተከሳሹ የሚሠራውን ያውቅ ነበር ወይ፣ ስህተት መሆኑንስ ተረድቶ ነበር ወይ የሚለውን ብቻ ነው። እያወቀ ራሱን መግታት ስላቃተው በሽተኛ የሚለው የለም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችንን ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ራሱን መግዛት ይችል ነበር ወይ የሚለውን ጥያቄ ጨመሩልን፤ የዛሬውም ሕግ ወርሶታል። በዚህ ረገድ ሕጋችን ከእንግሊዙ ይልቅ ለታማሚው ይራራል፤ እኔም እደግፈዋለሁ።

ይህ ርኅራኄ ታማሚው ዘንድ የሚደርሰው ግን በአንቀጽ 51 በኩል ነው። ተከሳሹ የአእምሮ መቃወስ ወይም የሚጥል በሽታ ምልክት ካሳየ፣ መስማትና መናገር ከተሳነው ወይም ሥር የሰደደ የስካር ሱስ ካለበት ፍርድ ቤቱ የልዩ አዋቂ ማስረጃ የመቀበል ግዴታ አለበት። ሐኪሙ ሕመሙን ያስረዳል፤ ይጠየቅ ወይስ አይጠየቅ የሚለውን የሚወስነው ዳኛው ነው። ባሌ ደጋ ላይ ጉዳዩ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የልዩ አዋቂው ማስረጃ ሲባል ሁሉም የሚያስበው አዲስ አበባን፣ ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረውን አማኑኤልን ነው። ከሮቤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንድ ተከላካይ ጠበቃ «መኪና ሲገኝ አጃቢ የለም፣ አጃቢ ሲገኝ ነዳጅ የለም» አሉኝ። በሽተኛው በዚህ መሀል ማረሚያ ቤት ይቆያል።

ስንት ሰው እንዲህ እንደሚጠብቅ አንድ የዞን ኃላፊ ጠየቅሁ። ቢሯቸው ተቀብለውኝ፣ ሻይ አስመጥተውልኝ፣ «በደብዳቤ ጠይቅ» አሉኝ። በደብዳቤ ጠየቅሁ። መልስ አልመጣም።

የፍትሐ ብሔሩ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2030 መሠረት ጥፋት የሚመዘነው የአጥፊው ዕድሜና የአእምሮ ሁኔታ ሳይታይ ነው። በወንጀል የማይጠየቀው ሰው ካሣ ይጠየቃል ማለት ነው። ዳኛው በአንቀጽ 2099 መሠረት የሁለቱን ወገን አቅም አይቶ፣ ርትዕ ካስገደደ ካሣውን መቀነስ ይችላል። ክምሩ ለነደደበት ገበሬም የዓመት ቀለቡ ነውና ካሣ መጠየቁ ተገቢ ይመስለኛል።

ከሁሉ ያስገረመኝ የዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 342 ነው። ከ2000 ሰው በታች በሚኖርባት የገጠር ቀበሌ፣ ቤተሰቡ በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት የሚጠብቀውና እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ የሚከለክለው ሰው እብደቱ በግልጽ የታወቀ ይባላል፤ የገባው ውል ሊፈርስለት ይችላል። ገጠር ሆስፒታል እንደሌለ ሕግ አውጪው በ1952 ያውቅ ነበር፤ የእኚያ እናት ገመድ በፍትሐ ብሔር ማስረጃ ነው። ለወንጀሉ ችሎት ግን ከሐኪም ወረቀት በቀር የሚበቃ የለም።

እኚያን እናት የሚያንገበግባቸው ግን ሌላ ነው። «ክምሩን ጎሳችን ከፍሏል። ሽማግሌ ተቀምጦ ቆረጠ፣ ከየቤቱ ተዋጣ፣ ባለ ክምሩም ይቅር አለ። ዕዳ የለብንም። ታዲያ የታሰረው ለማን ብሎ ነው?» ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 240 የባህል ፍርድ ቤቶችን አቋቁሟል፤ ቃጠሎን የመሰለ ከባድ ክስ ግን በእርቅ ብቻ አይዘጋም።

ወንድማቸው በወንጀል ኃላፊነት የለበትም ቢባልም ወዲያው ቤቱ ይገባል ማለት አይደለም። ፍርድ ቤቱ በሕክምና ተቋም እንዲቆይ ወይም በተመላላሽ እንዲታከም ሊያዝ ይችላል። ትእዛዙ የጊዜ ገደብ የለውም፤ ግን በየሁለት ዓመቱ መታየት አለበት።

አንቀጽ 51 ልዩ አዋቂው አዲስ አበባ ይሁን አይልም። የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የጤና ካምፓስና ሪፈራል ሆስፒታሉ ያሉት ጎባ ነው፤ ከዞኑ ዋና ከተማ ከሮቤ የሚርቁት 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዞኑ ፍርድ ቤትና ሆስፒታሉ ተነጋግረው ምርመራው ጎባ ላይ የሚሰጥበትን ቋሚ ቀን ይቁረጡ። ታማሚ የታሰረባችሁ ቤተሰቦችም በመጀመሪያው ቀጠሮ ቀርባችሁ ሕመሙን ለዳኛው ንገሩ፤ በመዝገቡ ላይ እንዲሰፍርም ጠይቁ።